የ449ኙን ጉባኤ የሻረው ማን ነው?

ጥያቄውን በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከሥሩ የተከተሉትን መልሶች ስተርክ ፍጹም ገለልተኛ እንዳልሆንሁ አስቀድሜ ልናገር። ጥያቄዬ ይህ ነበር። በ449 (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ካልዕ በጠራው ጉባኤ 130 ያህል ኤጲስ ቆጶሳት በኤፌሶን ተሰብስበው፣ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በዲዮስቆሮስ መሪነት፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ባስተማረው ትምህርት የተወገዘውን መነኩሴ አውጣኪን ከውግዘት ፈቱ፤ የቁስጥንጥንያውን ፍላብያኖስንም ከመንበሩ አወረዱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ451፣ ንጉሠ ነገሥት መርቅያን በጠራው ጉባኤ 500 ያህል ኤጲስ ቆጶሳት በኬልቄዶን ተሰብስበው የፊተኛውን ፍርድ ገለበጡ፤ በተራቸውም ዲዮስቆሮስን አወረዱ። ሁለቱንም የጠራ ንጉሥ ነው። በሁለቱም የተቀመጡት ከሐዋርያት በወረደ ሹመት የሚመኩ አባቶች ናቸው። እንዲያውም የኢየሩሳሌሙ ዩቬናልዮስ በኤፌሶን ከዲዮስቆሮስ ጎን ተሰይሞ የፈረደ፣ በኬልቄዶን ደግሞ በጉባኤው መካከል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ወገን የተሻገረ ሰው ነው። ታዲያ አንዱን ጉባኤ ቅዱስ፣ ሌላውን ደግሞ የሮሙ ጳጳስ ልዮን እንደ ሰየመው የሽፍቶች ሸንጎ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ስለ ክርስቶስ ባሕርይና አካል ያለውን ክርክር ለጊዜው ትታችሁ፣ የጉባኤ እውነተኛነት በምን እንደሚለካ ብቻ ንገሩኝ ብዬ ለመንሁ። ልመናዬ ዕድሜው አጭር ነበር።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ ካቶሊካዊ ነው፤ ጨዋና በሥርዓት የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው ጥያቄው አስቸጋሪ የሚመስለው የሮምን መንበር ከስሌቱ ስላወጣሁት ብቻ እንደሆነ አስረዱ። በ449 ልዮን ለፍላብያኖስ የጻፈው ጦማር ለጉባኤው ቢላክም ሳይነበብ ቀረ፤ የሮም እንደራሴዎች ተቃውሟቸውን አሰምተው ወጡ፤ ልዮንም የተፈጸመውን ሁሉ አልተቀበለም። በ451 ግን ጦማሩ ተነበበ፤ አባቶችም ጴጥሮስ በልዮን አፍ እንደ ተናገረ መሰከሩ። ለቁስጥንጥንያ መንበር ከሮም ቀጥሎ ያለውን ክብር የሰጠው 28ኛው ቀኖና በዚያው በኬልቄዶን ቢወሰንም፣ ልዮን ስላልተቀበለው በምዕራቡ ዘንድ ሕግ ሆኖ እንዳልጸና ጨምረው ጠቀሱ። በእርሳቸው አመለካከት ጉባኤን ጉባኤ የሚያደርገው የጴጥሮስ ወራሽ ማጽደቁ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

መልስ 2 ረጅሙ ነው፤ የጻፉትም ኬልቄዶንን የምትቀበለው፣ እንደ ግሪክና ሩስያ ያለችው የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው። ካቶሊካዊውን ጸሐፊ በአክብሮት ካመሰገኑ በኋላ የመለኪያቸውን ስንጥቅ አንድ በአንድ ያሳዩ ጀመር። በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 አባቶች ሁሉም ከምሥራቅ ነበሩ፤ ከሮም የተላከ እንደራሴ አልነበረም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በቅዳሴ የሚደገመው ጸሎተ ሃይማኖት የሚታወቀው በእነርሱ ስም ነው። የጉባኤው ዓለም አቀፋዊነት የታወጀው ከ70 ዓመት በኋላ በዚያው በኬልቄዶን ነው። በ553ም የሮሙ ቪጊልዮስ በዚያች በቁስጥንጥንያ ከተማ እያለ ወደ ጉባኤው አልገባም አለ፤ ጉባኤው ያለ እርሱ ወሰነ፤ ስሙንም ከጸሎት መዝገብ ፋቀ፤ እርሱ ፈቃዱን የሰጠው ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የሮም ይሁንታ የእውነት ምንጭ ሳይሆን ከተቀባዮች መካከል የአንዱ ድምፅ ነው ወደሚል ድምዳሜ መጡ። ጉባኤን የሚያጸናው የመላው የቤተ ክርስቲያን አካል ቅበላ ነው፤ የምሥራቅ ፓትርያርኮች በ1848 ለፒዮስ ዘጠነኛ በጻፉት መልስ የሃይማኖት ጠባቂው ራሱ ሕዝቡ እንደሆነ ያስታወቁትም ስለዚህ ነው ሲሉ አጠቃለሉ። ይህን መልስ ሳነብ ጥያቄዬ እዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

መልስ 3 መጣና አላበቃም። ጸሐፊው የተዋሕዶ አማኝ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም ከሁለቱ ይልቅ ጠንከር ያለ ነው። በመጀመሪያ እኔኑ ወቀሱኝ፤ የኬልቄዶን ወገን ያወጣውን ስድብ በጥያቄዬ ውስጥ መድገሜ ፍርዱን አስቀድሞ እንደ መስጠት ይቆጠራል አሉ። (እውነት አላቸው፤ የተናገረውን ሰው ስም መጥቀሴ ከወቀሳው ሙሉ በሙሉ አያድነኝም።) ቀጥለው ወደ መልስ 2 ዞሩ። ቅበላ መለኪያ ከሆነ፣ ግብፅ በአብዛኛው፣ ሶርያ በከፊል፣ አርመንና ኢትዮጵያ በሙሉ ኬልቄዶንን አልተቀበሉትም፤ እንግዲህ በዚሁ መለኪያ ጉባኤው ወድቋል። ያልተቀበሉት ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ስለሆኑ አይቆጠሩም ከተባለ ደግሞ፣ ከውጪ ያሰኛቸው አለመቀበላቸው ነውና መለኪያው ማረጋገጥ የሚገባውን ነገር አስቀድሞ ተበድሮ ይነሣል። በዚህ ላይ የቁስጥንጥንያው አናቶልዮስ በኬልቄዶን ጉባኤ ፊት፣ ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ጉድለት ሳይሆን ልዮንን በማውገዙና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ባለመምጣቱ እንደሆነ መናገሩን አስታወሱ። አንድን አባት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሽሮ በመናፍቅነት ስሙን ማጥፋት ምን ዓይነት ዳኝነት ነው ሲሉ ጠየቁ።

በእኔ ግምት በውይይቱ ሁሉ ውስጥ የዚህን ያህል የከበደ ምት አልተሰነዘረም። ያስገረመኝ ግን ማንም በቀጥታ አለመመለሱ ነው። መልስ 4ን የጻፉት፣ ሃይማኖታቸውን ያልገለጹ የታሪክ አንባቢ፣ ሌላ ጉባኤ አመጡ። በ754 በሂየርያ 338 ኤጲስ ቆጶሳት ተሰብስበው ቅዱሳት ሥዕላትን ሲያወግዙ ራሳቸውን ሰባተኛው ዓለም አቀፋዊ ጉባኤ ብለው ጠርተው ነበር። በ787 በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ እነርሱን ሲሽር፣ ቁጥራቸው አነሰ አላለም፤ የሮም ጳጳስ አልተባበራቸውም፣ የምሥራቅ ፓትርያርኮችም አልተስማሙላቸውም የሚል ምክንያት ሰጠ። እነሆ በጽሑፍ የተቀመጠ መለኪያ አሉ ጸሐፊው፤ እንደ ፈሩትም የመልስ 1ና የመልስ 2 ባለቤቶች ሁለቱም ለራሳቸው ወሰዱት፤ አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን። የመልስ 3 ባለቤት በአንዲት መስመር ብቻ፣ የእስክንድርያ መንበር በ451 መስማማት አለመስማማቱን ጠይቀው ዝም አሉ።

መልስ 5 ዓመቶቼ ተሳስተዋል ይላል። መልስ 6 ደግሞ ጥቅምት 451 በኢትዮጵያ አቆጣጠር 444 መሆኑን አስልቶ፣ በመግቢያዬ ያስቀመጥሁትን ማሳሰቢያ ያላነበቡ ሰዎች እንዴት የጉባኤ ቃለ ጉባኤ ያነባሉ ሲል በትሕትና ቆነጠጠ።

መልስ 7 የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል በሆኑ ሰው የተጻፈ ነው። ሦስቱም ወገኖች አንዱ የሌላውን መለኪያ በማፍረስ ተሳክቶላቸዋል፤ ማናቸውም ግን የራሳቸውን መገንባት አልቻሉም ብለው ጀመሩ። ማርቲን ሉተር በ1519 በላይፕሲግ ከዮሐንስ ኤክ ጋር ሲከራከር፣ የኮንስታንስ ጉባኤ በ1415 ለእሳት ስለ ዳረገው ስለ ያን ሁስ ሲጠየቅ ጉባኤዎች ሊሳሳቱ እንደሚችሉ መናገሩን ጠቀሱ። ይህ ጉባኤን መናቅ እንዳልሆነ ግን አበክረው አሳሰቡ፤ ሉተራውያንም ሆኑ አንግሊካውያን የቀደሙትን ጉባኤዎች ውሳኔ የሚቀበሉት ቃሉን በትክክል ስለተረጐሙ ነው እንጂ ጉባኤ ስለሆኑ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 እንኳ ያዕቆብ ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት የነቢዩን የአሞጽን ቃል አንሥቷል፤ ስለዚህ ከጉባኤ በላይ የተቀመጠው ዳኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው አሉ። ክርክሩ የጠራ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የወደድሁት ማንንም ሳይሰድብ መጻፉን ነው።

የመልስ 8 ጸሐፊ ያን ጨዋነት አልመለሱለትም። የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሲሉ ጠየቁ፤ 66ቱ ነው፣ 73ቱ ነው ወይስ 81ዱ? አትናቴዎስ በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘርዝሯል፤ በዚያው መልእክት ግን አስቴርን ከቀኖናው ውጪ አስቀምጦ ባሮክን ከኤርምያስ ጋር ቆጥሯል። ሉተር ራሱ የያዕቆብን መልእክት እንደ ገለባ አቃልሎ አልነበረምን? ዝርዝሩን ያጸደቀላችሁን ዳኛ አባርራችሁ በዝርዝሩ ትፈርዳላችሁ ሲሉ፣ ቃላቸው ከክርክር ወደ ዘለፋ እየተንሸራተተ ሄደ። መልስ 9 የመልስ 7 ባለቤት ነው፤ አልተቆጡም። ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍቱን አወቀቻቸው እንጂ አልፈጠረቻቸውም፤ በጎች የእረኛቸውን ድምፅ እንደሚለዩ ምእመናንም በየዘመኑ ቃሉን ለይተው ተቀበሉት አሉ። እዚህ ላይ ንባቤን ገታ አድርጌ ወደ ላይ ተመለስሁ። መልስ 2 ስለ ጉባኤ የተጠቀመበትን ቃል መልስ 9 ስለ መጽሐፍ ተጠቅሞበታል፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚያርፉት «ተቀበሉ» በሚለው ግስ ላይ ነው። የመልስ 3 ጥያቄም ሁለቱንም እኩል ይከተላቸዋል፤ የተቀበሉት እነማን ናቸው? ያልተቀበሉትስ?

መልስ 10 በቁጣ ሳይሆን በኀዘን የተጻፈ የሚመስል አጭር ማስታወሻ ነው። በ1529 በማርቡርግ ሉተርና የስዊዘርላንዱ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ በ14 ነጥቦች ተስማምተው በ15ኛው፣ በጌታ እራት ላይ፣ የተለያዩት ሁለቱም ያንኑ አንድ መጽሐፍ ይዘው፣ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ያንኑ አንድ ዐረፍተ ነገር እያነበቡ ነው የሚል። ጸሐፊው ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ አንዲት እኅት በመልስ 11 የራሷን ታሪክ አካፈለች። በሕፃንነቷ በወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን በሥላሴ ስም ተጠምቃለች፤ ለጋብቻ ስትዘጋጅ የእጮኛዋ ቤተ ክርስቲያን የቀደመውን ጥምቀት እንደማይቆጥር ነግሯት ዳግመኛ ተጠመቀች። የክርስትና እናቷ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም፤ ነገር ግን እርሳቸው ያነሧት ከምን እንደ ነበር ጠየቋት፤ እርሷም መልስ አጣች። የሁለቱንም አብያተ ክርስቲያናት ስም ሆን ብላ አልጻፈችም። ጥያቄዋ፣ ስለ ኬልቄዶን ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ከሁለቱ የትኛው ጥምቀቷ እንደሆነ ሊነግሯት ይችሉ እንደሆነ ነበር።

ውይይቱ ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከጉባኤ ወደ ጥምቀት ዞረ፤ እኔም ከርእስ ወጣችሁ ለማለት ልብ አጣሁ፤ ደግሞም አልወጡም። መልስ 12 ክርክሩ ከኬልቄዶን 200 ዓመት ያህል እንደሚቀድም አሳየ። በ256 ቆጵርያኖስ 87 የአፍሪካ ኤጲስ ቆጶሳትን በቅርታግና ሰብስቦ፣ ከቤተ ክርስቲያን በወጡ ወገኖች እጅ የተፈጸመ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ሲል አስወሰነ። የሮሙ እስጢፋኖስ ደግሞ የሚመለሱትን እጅ ጭኖ ከመቀበል በቀር ዳግመኛ ማጥመቅ አይገባም ብሎ ጸና፤ ቆጵርያኖስም አልታዘዘውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቆጵርያኖስ በሰማዕትነት ዐረፈ፤ ምዕራቡ በኋላ የያዘው የእስጢፋኖስን አቋም ሆኖ ሳለ፣ ሮም ራሷ ቆጵርያኖስን በቅዱሳን መካከል ታከብራለች። የኒቅያ ጉባኤም በ325 መንገዱን ለሁለት ከፈለው፤ በ8ኛው ቀኖና የናቫጥስ ተከታዮችን በእጅ መጫን፣ በ19ኛው ቀኖና ደግሞ የሳምሳጢውን የጳውሎስን ተከታዮች በአዲስ ጥምቀት እንዲቀበሉ አዘዘ። ለእኅታችን የሰጡት መልስ በእርግጥ መልስ አልነበረም፤ ጥያቄዋ የ1,700 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ግን አሳወቃት።

መልስ 13ን ሙሉ በሙሉ መተረክ አልፈልግም። ጸሐፊው ከእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ውጪ የተጠመቀ ሁሉ ውኃ ከመንካት ያለፈ ነገር እንዳላደረገ ከጻፉ በኋላ፣ በክርስትና እናቲቱ ላይ ተሳለቁ። በመልስ 14 የመድረኩ አስተባባሪ ግማሹን ሰርዘው፣ ሐሳብን መንቀፍና ሽማግሌ እናትን መንቀፍ አንድ እንዳልሆነ አሳሰቡ። ደስ ያለኝ ከመልስ 13 ጸሐፊ ጋር በእምነት አንድ የሆኑት የመልስ 3 ባለቤት መጀመሪያ መቃወማቸው ነው፤ ይህም መልስ 15 ሆነ።

መልስ 16 ወደ ሥልጣን ጉዳይ ሲመልሰን አንድ ስሕተት ይዞ መጣ፤ ሮም በ1054 «ከወልድም» የምትለውን ቃል (መንፈስ ቅዱስ ከአብና ከወልድም ይሠርጻል ለማለት) በጸሎተ ሃይማኖት ላይ ስለ ጨመረች ምሥራቅና ምዕራብ ተለያዩ ይላል። መልስ 17 ይህን በጥንቃቄ አረመ። ቃሉ ከዚያ በፊት በእስፓንያና በፍራንኮች ምድር ይዜም ነበር፤ የሮሙ ልዮን ሣልሳዊ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትምህርቱን ባይቃወምም ጸሎቱን መለወጥ አልፈቀደም፤ ይልቁንም ቃሉ የሌለበትን ጸሎተ ሃይማኖት በብር ጽላት አስቀርጾ አቆመ። በሮም ቅዳሴ ውስጥ የገባው በ1014 ሄንሪ ዳግማዊ ሲነግሥ ነው። በ1054 ካርዲናል ሁምበርት በሐጊያ ሶፍያ መንበር ላይ ባስቀመጠው የውግዘት ደብዳቤ ግሪኮችን ቃሉን ከጸሎቱ ፍቀዋል ብሎ መክሰሱን ሲጨምሩ፣ ከአንባቢዎች አንዱ ሳይሥቅ እንዳልቀረ እገምታለሁ። ልዮን ዘጠነኛ ደብዳቤው ከመቀመጡ 3 ወር ያህል አስቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር፣ የላከው ሰው በሌለበት የተላከው ምን ሥልጣን ነበረው የሚለው ጥያቄም ተነሣ። ጸሐፊው ዋናውን ነጥብ ያስቀመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ስለ መንፈስ ቅዱስ መሥረጽ ያለው የትምህርት ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ የጋራን ጸሎት አንዱ ወገን ብቻውን ሊለውጠው ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው፤ የምሥራቁ ቁስል የበረታው በሁለተኛው ነው።

መልስ 18ና 19 ስለ ጴጥሮስና ስለ ዐለት የተለመደውን ተለዋወጡ፤ አንዱ በግሪክ ቋንቋ ሁለቱ ቃላት ይለያያሉ አሉ፤ ሌላው ጌታ በተናገረበት በአራማይክ ሁለቱም «ኬፋ» ናቸው ሲሉ መለሱ። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ መልስ 20 ነው፤ አውግስጢኖስ በሕይወቱ መጨረሻ የራሱን ጽሑፎች ሲያርም፣ ዐለቱን አንድ ጊዜ ጴጥሮስ ሌላ ጊዜ ክርስቶስ ብሎ መተርጐሙን አምኖ ምርጫውን ለአንባቢው ተወው ይላል። አንባቢው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልመረጠም።

መልስ 21 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ማንነታቸውን ሳይገልጹ፣ በ681 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ስድስተኛው ጉባኤ የሮሙን ሆኖርዮስን ክርስቶስ አንድ ፈቃድ ብቻ አለው በሚለው ትምህርት ምክንያት በስም አውግዞታል፤ የሮሙ ልዮን ዳግማዊም ውግዘቱን አጽንቶታል፤ እንግዲህ ሐምሌ 18 ቀን 1870 በ533 ድምፅ ድጋፍና በ2 ተቃውሞ የታወጀው የጳጳሱ አለመሳሳት ከየት መጣ ሲሉ ጠየቁ። መልስ 22 የካቶሊካዊው ጸሐፊ ነው፤ የመልስ 1 ርጋታቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልነበረም። በ1870 የተወሰነውን አንብበው ሳይረዱ የሚሳለቁ ሰዎች ሰልችተውኛል ብለው ጀመሩ። ውሳኔው ጳጳሱ ከመንበሩ ሆኖ፣ ለመላው ቤተ ክርስቲያን፣ በእምነት ወይም በምግባር ጉዳይ የመጨረሻ ብያኔ ሲሰጥ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መልክ የታወጀው በ1950 የእመቤታችን ዕርገት ብቻ ነው፤ ሆኖርዮስ ለቁስጥንጥንያው ሰርጊዮስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ከዚህ መሥፈርት ውጪ ናቸው። መከላከያው በራሱ ሚዛን የሚቆም ይመስለኛል። ነገር ግን ከዚያ በላይ ከጻፍሁት ትዝብቴ ጋር አያይዤ አየሁት፤ በ681 የነበሩት አባቶች ይህን መሥፈርት አያውቁትም ነበር። መለኪያው የተቀረጸው ከፍርዱ በኋላ ነው። የምሥራቁም «ቅበላ»፣ የፕሮቴስታንቱም «ቃሉን በትክክል መተርጐም» እንዲሁ ናቸው፤ በ449 ኤፌሶን ውስጥ ተቀምጦ የነበረ አንድ ኤጲስ ቆጶስ ከእነዚህ በአንዱም ተጠቅሞ የዚያን ቀን የሚበጀውን ለማወቅ አይችልም ነበር።

መልስ 23 የምሥራቁን ወገን ጎነተለ፤ ቅበላው በተግባር ይታይ ዘንድ፣ በ2016 በቀርጤስ ከ14ቱ ራሳቸውን የቻሉ አብያተ ክርስቲያናት 4ቱ ያልተገኙበትን ጉባኤና በ2018 ሞስኮ በዩክሬን ምክንያት ከቁስጥንጥንያ ጋር ያቋረጠችውን የቁርባን አንድነት አነሣ። ቀጥሎ የመጡትን ሁለት መልሶች አስተባባሪው ፖለቲካ ናቸው ብለው ስላነሧቸው ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል።

መልስ 26 ከሁሉ ይልቅ በጸጥታ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በግንቦት 1973 የሮሙ ጳውሎስ ስድስተኛና የእስክንድርያው አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ በምስጢረ ሥጋዌ ላይ በጋራ መግለጫ የፈረሙትን፣ በ1989ና በ1990ም ኬልቄዶንን የተቀበሉትና ያልተቀበሉት የሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ሊቃውንት በግብፅ በአንባ ቢሾይ ገዳምና በስዊዘርላንድ በሻምቤዚ የደረሱበትን ስምምነት አስታወሱ። ሊቃውንቱ የቄርሎስን ቃል መሠረት አድርገው፣ በተለያየ አነጋገር አንድ እምነት እንደ ጠበቁ መስክረዋል፤ የጥንቱ ውግዘት እንዲነሣም ሐሳብ አቅርበዋል። ሆኖም አልተነሣም፤ በግሪክ በአቶስ ተራራ ያሉ መነኮሳትም በጽኑ ተቃውመዋል። ለምን? ምክንያቱም በባሕርይ ጉዳይ የተስማማ ሰው እንኳ፣ ቅዱሳን አባቶች በጉባኤ ያሰሩትን ዛሬ ማን ሊፈታ ይችላል ለሚለው መልስ የለውም፤ የኬልቄዶን ወገን ዲዮስቆሮስን ቢፈታ ጉባኤው ተሳስቶ ነበር ማለት ይሆንበታል፤ የተዋሕዶ ወገንም ልዮንን ቢፈታ እንደዚሁ። የትምህርቱ ክርክር ተዳክሞ የሥልጣኑ ክርክር ብቻውን ቆሟል አሉ። ይህን ሳነብ ጥያቄዬን ከእኔ ይልቅ አጥርተው ያቀረቡልኝ መሰለኝ።

መልስ 27 የመልስ 4 ታሪክ አንባቢ ነው። በኬልቄዶን 13 የግብፅ ኤጲስ ቆጶሳት የልዮንን ጦማር እንዲፈርሙ ሲገደዱ፣ ያለ እስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ አንፈርምም፤ ፈርመን ብንመለስ አገራችን ይገድለናል ብለው በጉባኤው ፊት መለመናቸውን አስታወሱ። ጉባኤውም አዲስ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾም ድረስ በቁስጥንጥንያ እንዲቆዩ ፈቀደላቸው። ፍርሃታቸው ባዶ እንዳልነበረ ለማሳየትም፣ በዲዮስቆሮስ ቦታ የተሾመውን ጵሮቴርዮስን የእስክንድርያ ሕዝብ በ457 እንደ ገደለው ጨመሩ። የሕዝብ ቅበላ የሚባለው ነገር እንዲህም ያለ ፊት አለው ማለታቸው ነበር። መልስ 28 የመልስ 3 ባለቤት ሲሆኑ፣ ይህን የግድያ ታሪክ ከወገናቸው አካባቢ ብዙ ጊዜ እንደማይሰሙት አምነው፣ በሌላው ጎን ደግሞ ወገን ለውጦ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰውን ዩቬናልዮስን የፍልስጥኤም መነኮሳት እንዳባረሩትና ወደ መንበሩ የተመለሰው በወታደር ኃይል እንደሆነ አስታወሱ። ከሠላሳ ገደማ መልሶች መካከል ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ማስረጃ ሳይክድ የራሱን የጨመረበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

መልስ 29 የእኔው ነው። ሁሉንም አመስግኜ፣ ከላይ የጻፍሁትን ትዝብት ደገምሁ፤ የቀረቡት መለኪያዎች ሁሉ አንድ ሰው አስቀድሞ የያዘውን ጉባኤ መልሰው ይሰጡታል እንጂ ያልያዘውን አያስይዙትም አልሁ። እኔ ራሴ በምኖርባት ቤተ ክርስቲያን የምኖረው ጉባኤዎችን መዝኜ አይደለም፤ በእርሷ ጸሎት ስላደግሁ ነው፤ ጉባኤዎቿን የተቀበልኋቸውም ከእርሷ ጋር ነው። ለእኅታችንም፣ የክርስትና እናቷን ጥያቄ እኔም መመለስ እንደማልችል ጻፍሁላት።

መልስ 30 የመጣው በማግሥቱ ከአዲስ ሰው ነው። መለኪያ ሁሉ ከፍርድ በኋላ የሚቀረጽ ከሆነ ይህን የእኔን ፍርድ ራሱን በምን መለኪያ እንደ ሰጠሁት ጠየቁኝ፤ አክለውም ያደግሁበትን ጸሎት ምክንያት አድርጌ ማቅረቤ በሌላ ስም የመልስ 2ን ቅበላ መቀበሌ እንደሆነና ይህን ለምን በግልጽ እንዳልተናገርሁ ማወቅ ፈለጉ። እስካሁን አልመለስሁላቸውም።